ከደሴ የምንመለስበት ቀን፦ ሻንጣው የት ይቆይ? ስንት ሰዓት እንውረድ?

መንገደኛዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በነሐሴ መጨረሻ እናቴን ይዤ ደሴ ልመጣ ነው። እህቷን ካየች ሰባት ዓመት አልፏታል። ማክሰኞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ እንገባለን፤ የምንመለሰው አርብ ነው። መምጣቱ አያሳስበኝም። ያስጨነቀኝ የመጨረሻው ቀን ነው።

የያዝነው ሆቴል ፒያሳ አካባቢ ነው። አርብ 6 ሰዓት ላይ ክፍሉን መልቀቅ አለብን። ትኬቱ ላይ የተጻፈው መነሻ 15:40 ነው፤ በእኛ ከቀኑ 9:40 ማለት ነው። እኔ ያሰብኩት ጠዋት ሐይቅን አይተን ልንመለስ፣ ሻንጣችንን ከሆቴል ልንወስድ፣ አክስቴ ቤት ሆጤ ምሳ በልተን ወደ ኮምቦልቻ ልንወርድ ነው። ይደርሳል ትላላችሁ? እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በአንድ እጄ ሻንጣ እየጎተትኩ በሌላው እሷን መደገፍ አልችልም።

ሌላው ጭንቀቴ ስጦታው ነው። አክስቴ ካሁኑ ደውላ ማር አስቆርጫለሁ፣ ቅቤ አንጥሬያለሁ፣ በርበሬ አስፈጭቻለሁ ብላኛለች። እምቢ አይባልም። ትኬታችን ደግሞ ለአንድ ሰው 20 ኪሎ ነው የሚለው።

ባለፈው ዓመት ከሌላ ከተማ ስንመለስ ሚዛኑ ላይ ትርፍ ኪሎ ተገኘብን። ሻንጣውን ወለል ላይ ዘርግፌ የሚቀረውን ስመርጥ እናቴ ቆማ ጠበቀችኝ። የምትቀመጥበት ወንበር አልነበረም። ያን ቀን ደግሜ ማየት አልፈልግም። እባካችሁ ምከሩኝ።

የጦሳ ጥላ

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ደሴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በመጨረሻው ቀን የተጨነቀ እንግዳ ስንት እንዳየሁ አልቆጥረውም። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ሐይቅን ከአርብ አውጪው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን ነው፤ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ደግሞ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርብ ጠዋት ሐይቅ ሄድሽ ማለት ከአውሮፕላኑ እየራቅሽ ነው። እዚያ ሆነሽ አንድ ጎማ ቢተነፍስ ቀኑ አለቀ። ሐሙስ ይሁን። ሐሙስ ቀኑ የራሳችሁ ነው፤ ውሃው ዳር ቁጭ ብላችሁ ዓሣ ትበላላችሁ፣ እናትሽም አይቸኩሉም። የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። እናትሽ ለመሳለም አስበው ከሆነ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ንገሪያቸው። ያን ሳያውቁ ሄደው አዝነው የተመለሱ እናቶች አጋጥመውኛል።

በመጨረሻው ቀን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ሰውም ሻንጣም ወደ ኮምቦልቻ እየቀረበ መሄድ አለበት። እናንተ ሆጤ፣ ሻንጣው ፒያሳ፣ አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ከሆነ ሦስት ቦታ ተበታተናችሁ ማለት ነው። አርብ ጠዋት ቁርስ እንደበላችሁ ክፍሉን ልቀቁ። 6 ሰዓትን አትጠብቂ፤ እሱ የመጨረሻው ሰዓት እንጂ የግድ አይደለም። ሻንጣውን ይዛችሁ አክስትሽ ቤት ሂዱ። ከዚያ ወዲያ ወደ ከተማ አትመለሱም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን እናትሽ ያውቁታል። ላላየው ሰው ግን ልናገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ቁልቁለት የምትወርጂው በዚያች አጭር መንገድ ነው፤ ሁሉም ጠመዝማዛ ነው። ደህና ቀን ከሆነ 45 ደቂቃ ይበቃል። ነሐሴ ላይ ግን ጉም ይወርዳል። ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና መብራት ብቻ እያየ ነው የሚነዳው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስላለ የጭነት መኪናው ብዙ ነው። አንዱ መታጠፊያው ላይ ከተበላሸ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ መንገዱን ሁለት ሰዓት አድርገሽ ያዢው።

አርብ መሆኑንም አስቢበት። ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጁምዓ ነው። ሹፌሩም፣ ሻንጣ የሚሸከመው ልጅም መስጊድ ናቸው። በሸዋበር በኩል መንገዱ በሰው ይሞላል። 6 ሰዓት ላይ ክፍል ለቅቀሽ መኪና ፍለጋ ብትወጪ የሚገጥምሽ ይሄ ነው። 5 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ግን ሹፌሩም ኮምቦልቻ ወርዶ ይሰግዳል፣ እናንተም አትቸገሩም።

ሻንጣ ሆቴል ማስቀመጥ የግድ ከሆነብሽ ደግሞ ስሚኝ። አብዛኛው ሆቴል ክፍል ከለቀቅሽ በኋላም ያለ ክፍያ ያስቀምጥልሻል። አስቸጋሪው ፈረቃው ነው። ጠዋት የተቀበለሽ ልጅ ከሰዓት ስትመጪ ቤቱ ገብቷል። እኔ ራሴ አንድ ቀን የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ በኪሴ ይዤ ቤቴ ሄጃለሁ። አንድ አዛውንት እንግዳ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስደርስ አልተቆጡኝም፤ «ደህና ነህ ልጄ?» ነው ያሉኝ። እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምነግረው ይሄንኑ ነው፦ የሚቀበልሽን ሰው ስም ጠይቂ፤ መቼ እንደሚወጣም ጠይቂ። ወረቀት ላይ ስምሽን፣ ስልክሽንና የሻንጣውን ብዛት ጽፈሽ እጀታው ላይ እሰሪ። ፎቶ አንሺው። ወርቅ፣ ገንዘብ፣ መታወቂያና የእናትሽ መድኃኒት ግን ካንቺ አይለዩ።

ኮምቦልቻ ተራ

የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። የጦሳ ጥላ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ መኪናው ነው።

ሁለት ሻንጣ፣ ጀሪካንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዘሽ ተራ ላይ አትሂጂ። ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሳው። አንዳንዴ በአሥር ደቂቃ ይሞላል፣ አንዳንዴ አርባ ደቂቃ ትቀመጫለሽ። ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፤ ዝናብ ከመጣ ሸራ ያለው መኪና አለ፣ የሌለውም አለ። ኮንትራት ያዢ። ዋጋውን ሐሙስ ማታ ጨርሺ። «ኮምቦልቻ» ብቻ አትበይ፤ «ሆጤ ቤት ድረስ መጥተህ፣ ኮምቦልቻ ምሳ እስክንበላ ጠብቀህ፣ ኤርፖርት በር ድረስ» በይ። ጠብ የሚነሳው ይሄ ሳይነገር ሲቀር ነው። ሹፌሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ራሱ ይደውልልሽ። ካልደወለ ሌላ ለመፈለግ ገና ጊዜ አለሽ።

የሆጤዋ እናት

ልጄ፣ ስለ መንገዱ ነግረውሻል። እኔ ስለ ቡናው ልንገርሽ። እሱን ሳትቆጥሪ ሰዓት አወጣሁ እንዳትዪ።

አክስትሽ ቡና ሳታፈላ አትሸኛችሁም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ጎረቤት ከመጣ ይበልጣል፤ ይመጣል ደግሞ። ከበረካ በኋላ ምርቃቱ አለ። ሰው እጁን ዘርግቶ እየመረቀሽ ስልክሽን አታዪም። እናትሽም ከሰባት ዓመት በኋላ ያገኘቻትን እህቷን በአንድ ሲኒ አትለይም።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ለአክስትሽ በግልጽ ንገሪያት። «ነገ 5 ሰዓት መኪናው በር ላይ ይቆማል» በያት። እንግዳ ሰዓቱን ደብቆ ብድግ ሲል ነው የሚከፋን። ካወቀች በ2 ሰዓት ጀበናዋን ትጥዳለች። ምሳውን ተዪው። ምሳና ቡና በአንድ ቀን ከሆነ 5 ሰዓት አትወጡም። የግድ ካለች ቋጥራ ትስጣችሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። ማር ከውሃ ይከብዳል። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ሲሞላ 7 ኪሎ ነው። የእኔ ልጅ 5 ኪሎ ነው ብሎ ሄዶ ሚዛን ላይ ደንግጧል። አፉ ላይ ፌስታል አድርገሽ ክዳኑን አጥብቂ፤ በላዩ በሰፊ ፕላስተር ዙሪያውን ጠቅልይ። በእጅ ይዘሽው አያስገቡሽም፤ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ። ቅቤው ደግሞ ደሴ ብርድ ላይ ረግቶ ታይዋለሽ፤ ደህና ነው ትያለሽ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ይቀልጣል። የመኪናው ኋላ ደግሞ ይግላል። ክዳኑ ጥርስ ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ በሁለት ፌስታል ቋጥሪ፣ ሻንጣው ውስጥ አቁመሽ አስቀምጪው፤ ግራና ቀኙን በልብስ ደግፊ። በርበሬውን ከእናትሽ ነጠላ ጋር አታድርጊ። ሽታው አይለቅም።

ሐሙስ ማታ ሁሉንም ወፍጮ ቤት ወስደሽ መዝኚ። ሚዛናቸው ትልቅ ነው፣ ሻንጣ ይችላል። የሚቀረው ነገር አክስትሽ ቤት ይቅር፤ ሚዛኑ ፊት አይሁን።

መንገደኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እትዬ፣ የቡናውን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሐይቅን ወደ ሐሙስ አዛውሬዋለሁ። እናቴ አይጠየፍን ሳላይ አልመለስም ስላለች እሱን ረቡዕ እናያለን። አባቷ በልጅነቷ ስለ ንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ፣ ስሙም «ማንንም አይንቅም» ማለት እንደሆነ ይነግሯት ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በጊዜ ከወረድን ኮምቦልቻ ላይ ያን ሁሉ ሰዓት እናቴን የት ላስቀምጣት?

ኮምቦልቻ ተራ

ግቢ ያለው ምግብ ቤት ምረጪ። መኪናው ግቢ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ሻንጣው ሳይወርድ ከወንበርሽ ሆነሽ ታይዋለሽ። መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ እንደሌለው ቀድመሽ ጠይቂ። 7 ሰዓት ተኩል ሲሆን ተነሱ። ኤርፖርቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ።

ከባቲ በኩል

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልበል፣ እህቴ። አንቺ 15:40ን ልክ ተርጉመሽዋል። አደጋው ያለው ጠዋት በሚነሳ ትኬት ላይ ነው። የእኔ ትኬት 10:20 ይላል። ከሰዓት 10:20 መሰለኝ። ጠዋቱን ከጓደኞቼ ጋር ተሰነባብቼ፣ ምሳዬን በልቼ ኮምቦልቻ ስደርስ አውሮፕላኑ ከረፋዱ 4:20 ላይ ሄዷል። የወንድሜ ሠርግ ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ሌሊት በአውቶቡስ ተነስቼ 400 ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ፤ ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አልነበርኩም። የአውቶቡስ ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው። «11 ሰዓት» ካሉሽ ሌሊቱን ነው። ለእናትሽ ትኬቱን ስታሳዪ በእኛ ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፊላቸው።

የበረራ ሰዓት ሊለወጥም ስለሚችል ሐሙስ ማታና አርብ ጠዋት ስልክሽ ላይ መልእክት መኖሩን እዪ። ፓወር ባንክ ካለሽ ከሚጫነው ሻንጣ አውጥተሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው።

መንገደኛዋ

ተመልሰናል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ዕዳዬ ነው።

ሐሙስ ከሐይቅ እንደተመለስን ወፍጮ ቤት ሄድን። ሁለቱ ሻንጣዎች 15 እና 11 ኪሎ፣ ማሩ 7፣ ቅቤው 3፣ በርበሬው 8። ድምሩ 44 ሆነ። አራት ኪሎ በርበሬ እዚያው ቀነስን። አክስቴ ትንሽ ተከፋች፤ ሚዛኑን ራሷ ስታይ ግን ዝም አለች።

አርብ በ2 ሰዓት ሻንጣዎቹ አክስቴ ቤት በር ሥር ነበሩ። ሹፌሩ ደውሏል። ቡናው በጊዜ ተጣደ፣ ጎረቤቶችም መጡ። እትዬ እንዳሉት በረካ ላይ እናቴና አክስቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዝም አሉ። ማንም አላስነሳቸውም። 5 ሰዓት አለፈ። 5:20 ላይ ተመርቀን ወጣን።

ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። አንድ ኮንቴይነር የጫነ መኪና መታጠፊያው ላይ ቆሞ 35 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እናቴ «አውሮፕላኑስ?» አለችኝ። ገና 6 ሰዓት ነው አልኳት፤ እውነቴን ነበር። 6:40 ላይ ኮምቦልቻ ገባን። ሹፌሩ ምግብ ቤቱ ግቢ ውስጥ አድርሶን፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኝ ሊሰግድ ሄደ። 7:40 ላይ ኤርፖርት ነበርን።

ሚዛኑ ላይ ልክ 40 ኪሎ መጣ። ምንም አልከፈትኩም። እናቴ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ቅቤውም አልፈሰሰም።

አራት ኪሎው በርበሬ አሁንም ሆጤ ነው። በመኪና ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር አነጋግሩኝ።