የዓለም ዜግነትን ለ9 ዓመት ልጅ እንዴት ነው የምታስረዱት?

የቀበና እናት፦

ሰላም ናችሁ? ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ «የዓለም ዜግነትና ዘላቂ ልማት» የሚል ፕሮጀክት ሰጥቷቸዋል። ፕሮጀክቱ ምን መሰላችሁ፣ የተባበሩት መንግሥታትን 17 ግቦች ባለቀለም ካርቶን ላይ መለጠፍና በቃል ማጥናት። እሱም አጠናው። ግብ 1፣ ግብ 2 እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። «ምን ማለት ነው?» ስለው ግን ዝም።

ይባስ ብሎ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አመጣብኝ። አክስቱ ለትምህርት ልትሄድ ፈልጋ ቪዛ ከልክለዋታል፣ ቤት ውስጥ ስናወራ ሰምቶ ነው። «እማዬ፣ የዓለም ዜጋ ከሆንን እሷን ለምን ከለከሏት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እስቲ ልምድ ያላችሁ፣ በምን ልጀምርለት? ፖስተር በቃኝ። አብረን ወጥተን የምናየው ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ብዙ ብር የማይጠይቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነን።

ቾክ በእጄ፦

እህቴ፣ በመምህሩ አትፍረጂ። እኔም መምህር ነኝ። ከ50 በላይ ልጅ ይዘሽ፣ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ከሆነ፣ ካርቶን ማስለጠፍ ነው የሚቀልሽ። ግቦቹ መስከረም 2008 ሲጸድቁ ግን እንዲህ ይሸመደዱ አልተባለም። ግብ 4 ሥር 4.7 የሚባል ንዑስ ግብ አለ፣ ዘላቂ ልማትና የዓለም ዜግነት ለተማሪ ሁሉ ይድረስ የሚለው እሱ ነው። ንዑስ ግቦቹ በጠቅላላ 169 ናቸው። ልጅሽ አንዱን ከያዘ ይበቃዋል።

እኔ የምጀምረው በውሃ ነው። ቀበና ነን ካላችሁ ደግሞ ወንዙ ደጃችሁ ላይ ነው። መጀመሪያ «ይህ ውሃ የት ይደርሳል?» ብለሽ ጠይቂው። ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ሁሉም «ባሕር!» ይላሉ። አይደርስም። ቀበና ታላቁ አቃቂን ይቀላቀላል፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፣ ከዚያ ስንት ስኳርና ጥጥ አጠጥቶ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲገባ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ድልድዩ ላይ የተጣለ ፌስታል የትም ተጠርጎ የሚሄድበት ባሕር የለውም፣ የሆነ ሰው ማሳ ወይም የሆነ ሰው ከብት መጠጫ ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጆቹን በጣም የሚያስደነግጣቸው ግን ሌላ ነው። አቃቂ ዳር በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ተመልሶም እዚሁ አዲስ አበባ ይሸጣል። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እና የጣልነውን እንበላዋለን?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ትልቅ ወረቀት አንጥፋችሁ ከእንጦጦ እስከ አቤ ወንዙን ሳሉ፣ በየመንገዱ ውሃውን ማን እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጭ ይሳል፣ ግድቡን የሸፈነው ከከተማችን የሚወርደው ቆሻሻ እየመገበው ነው። አቤ ሐይቅ ከፊሉ የጅቡቲ ስለሆነ ልጅሽ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ላይ በእግሩ ደረሰ ማለት ነው፣ ያለ ቪዛ።

ተረት ሰለቸኝ፦

ወንዙ ጥሩ ነው፣ የቪዛውን ጥያቄ ግን በቀልድ አትለፉት እንጂ! ከ17ቱም ግብ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። እውነቱን ንገሪው፦ ፓስፖርት የሚሰጥ የዓለም መንግሥት የለም፣ ድንበርም ለሁሉም እኩል አይከፈትም፣ ይህም ፍትሐዊ አይደለም። ልጅ ይህን ይሸከማል። የማይሸከመው ስንዋሸው ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ከውጭ እንዳለ ተገልብጦ የሚመጣው ትምህርት ነው። «ምድርን ለማዳን መብራት አጥፉ» ይሏቸዋል። ኧረ እኛ ሰፈር መብራቱ ራሱ ይጠፋል! የኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ አገሮች ትምህርት ለኛ ልጅ አይገጥምም። ለኛ የሚገጥመው የማገዶ እንጨትና የከሰል ጉዳይ ነው፣ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ጭሱ ያለው ማድቤት ውስጥ ነው። ደግሞ አፍሪካ በሙሉ ከዓለም በካይ ጋዝ የምታወጣው 4 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ቦረና ግን አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎበት ከብቱ አለቀ። የዓለም ዜግነት ከተባለ ልጁ መጀመሪያ ይህንን ሂሳብ ይወቅ፣ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ እየተነገረው አይደግ።

የኤክስፖርት ሠራተኛ፦

ተረት ሰለቸኝ ያለው ላይ ልጨምር። ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ቤት ቡና ሲፈላ ለልጆቼ የምነግራቸው አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አውጥቷል፣ በነሱ አቆጣጠር ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና እንዳይገባ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተገፋ ነው፣ ዝግጅቱ ግን እኛን ይዞናል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት። ሲዳማ ወይም ጅማ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ብራሰልስ ላይ በተጻፈ ወረቀት ምክንያት ማሳው ይለካል። ደኑ እንዲተርፍ ሁላችንም እንፈልጋለን። ግን የልኬታውን ወጪ ማን ይክፈል? ልጄ «የሚጠጡት ይክፈሉ» አለች። እኔ እንኳን በስብሰባ ላይ እንዲህ ደፍሬ አልናገርም፣ ሃሃ።

አራዳ፦

ቅዳሜ ነፃ ነን ካልሽ ሁለት ነገር።

አንደኛ ቆራሌው። ቅዳሜ መምጣቱ አይቀርም። ልጁ ራሱ ሃይላንዱን ሰብስቦ ይሽጥለት፣ ዋጋ ይከራከር፣ ከዚያ ወዴት እንደሚወስደው ይጠይቀው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወስጂው ደግሞ የተጣለ በርሜል ምድጃ፣ የተጣለ ጎማ ገመድ ሲሆን ያያል። መልሶ መጠቀምን ከነሱ የተሻለ የሚያስተምር የለም፣ ማንም ግን ሠርተፊኬት አይሰጣቸውም። የማይሸጠው ቆሻሻስ? እሱ ቆሼ ነው የሚሄደው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው እንደሞተ ለ9 ዓመት ልጅ ይነገራል ወይ ካልሽኝ፣ እኔ ነግሬያለሁ። ቆሻሻ «ይወገዳል» ሲባል ሰው ያለበት ቦታ እንደሚሄድ ይወቁ ብዬ ነው።

ሁለተኛ አፍሪካ አዳራሽ። ግንቦት 17 ቀን 1955 የ32 አገር መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት እዚያ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት እዚያው አለ፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳይ ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 መጀመሪያ ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፣ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቅ። ካርቶን ከመግዛት ይሻላል።

ድሮ ካዛንቺስ፦

ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተዛውሯል። የኔ ልጅ ደግሞ «ዘላቂ ልማት ማለት ጓደኞቼ ገላን ጉራ የሄዱበት ነው?» ብላኛለች። ግብ 11 ስለ ከተማ ነው፣ መምህሯን ጠይቂ አልኳት። መምህሯ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላ አለፈች። እኔ አልፈረድኩባትም። ግን መንገዱ አማረ፣ መብራቱ አማረ፣ ጓደኛዋ ደግሞ የለችም፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ የምታይ ልጅ ትምህርቱ ከፖስተሩ በላይ ገብቷታል ባይ ነኝ። ሲወሰን ማን ተጠየቀ የሚለውንም መማር አለባቸው።

የቀበና እናት፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በወንዙ ልንጀምር ነው። የቪዛውንም እንደተባለው ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፣ «ታዲያ ማን ነው የሚቀይረው?» አለኝ፣ ይህኛው ደግሞ ለሌላ ቀን ይሁን። ቾክ በእጄ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ውሃው ድረስ ልውረድ ወይስ ከላይ ይበቃል?

ቾክ በእጄ፦

ከድልድዩ ላይ ይበቃል። ወርዳችሁ ውሃውን እንዳትነኩ፣ ፍሳሽ ይገባበታል። ክረምት ከሆነማ ዳሩም አይታመንም፣ እንጦጦ ላይ ከዘነበ እናንተ ጋ ሳያካፋ ጎርፍ ይመጣል። ሁለት ብርጭቆ ያዙ፣ አንዱን የቧንቧ ውሃ ሙሉ፣ ሌላውን አንድ ትልቅ ሰው ጓንት አድርጎ ከድልድዩ ላይ በገመድ በታሰረ ባልዲ ከወንዙ ይቅዳ። አንድ ሰዓት ይቀመጥና ከታች የዘቀጠውን ልጁ ይሳለው። ስዕሉን ለመምህሩም ይውሰድለት፣ ከካርቶኑ ጎን ይለጠፋል።

ተረት ሰለቸኝ፦

ሱፐርቫይዘሩም ፎቶ ያንሳው 😂