ጨጨብሳን ትቼ ልክሳ ወይስ እየበላሁ?

የመገናኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም «ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው፣ ኪሎ ቀንሺ» ካለኝ ወዲህ ከ84 ኪሎ 78 ገብቻለሁ። ለስላሳ ትቻለሁ። ሻይ ያለ ስኳር ለምጃለሁ። ክትፎ እንኳን አጠገቤ ቢበላ ምንም አይመስለኝም። ጨጨብሳን ግን አልቻልኩትም።

የቢሯችን ሕንጻ ምድር ላይ ቁርስ ቤት አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፍት ስጠብቅ የንጥር ቅቤው ሽታ ይመጣል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ቁርስ ስለማልበላ እስከ ምሳ በቡና ነው የምቆየው። አራት ሰዓት ሲሆን የማስበው ስለ ሥራዬ አይደለም።

ይባስ ብሎ እሁድ አለ። እማዬ ከቤተክርስቲያን መልስ ቂጣውን ትጋግራለች። ትኩሱን ቆራርሳ በቅቤና በበርበሬ ትለውሰዋለች፣ መሃሉ ላይ ማር። አልበላም ስላት «ምነው፣ ታመሽብኝ? ፊትሽ እኮ አልቋል» ትላለች። ቀጥሎ «በሞቴ» ይመጣል። በሞቴ ከተባልኩ በኋላ ምን ልበል?

ጨርሶ መተው ነው የሚያዋጣው ወይስ በመጠኑ መብላት? ረቡዕና ዓርብ የጾሙን፣ በዘይት የተሠራውን ብበላስ? እባካችሁ «ጂም ግቢ» አትበሉኝ፤ ከታክሲ ሰልፍ ተርፌ ቤት የምደርሰው ከመሸ ነው።

ዳማከሴ፦
በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ። ስቡን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያቀልጠው!

ኩሽና፦
ዳማከሴ፣ ሎሚ የሰው ስብ አያቀልጥም። ጥርሷን እንዳትጎጂባት።

እህቴ፣ ሥራዬ ሥነ ምግብ ነው። የጾሙ ለኪሎ አያተርፍሽም። ስብ ከላም መጣ ከኑግ፣ አንዱ ግራም 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤም ዘይትም ወደ 120 ይጠጋል። አራት ማንኪያ ከገባበት 480 ደረሰ፣ ቂጣውን ገና ሳንቆጥር። ቁርስ ቤት ደግሞ ቅቤ ሲያፈሱ እጃቸው አይሰስትም። ቂጣው ስለሚመጠው አንቺ አታይውም።

ስለዚህ ቤት ሥሪው። ቅቤውን በዓይንሽ ሳይሆን በማንኪያ ለኪው፤ አንድ ማንኪያ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ሽታውም አይቀርብሽም። ዱቄቱን የገብስ አድርጊው። የገብስ ፋይበር ስኳሩ ደም ውስጥ በአንዴ እንዳይገባ ያዘገየዋል። ከጎኑ እንቁላል ይኑር። ማሩን ግን ተይው። የንብ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ለደምሽ ያው ስኳር ነው።

ደግሞ ማነው በቡና ብቻ እስከ ምሳ ቆዪ ያለሽ? ባዶ ሆድሽን በቅቤ ሽታ መሃል እያለፍሽ እንዴት አያምርሽ! ከቤት ስትወጪ እንቁላል፣ ካልሆነም የማታ ምስር በቁራሽ እንጀራ ቅመሺ። ሳምንት ሞክሪውና ሊፍቱ ጋ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪን።

የፒያሳው ልጅ፦
ኩሽናን አከብራታለሁ፣ ግን «በመጠኑ» የሚባለው ነገር ለእኔ አይሠራም። አንዴ ከቀመስኩ ሳህኑን ሳልጠርግ አልነሳም። የምወደውን ነገር ጨርሼ ነው የተውኩት። መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል፣ ከዛ ይረሳል። አንድ ቀምሶ ማቆም የሚችል ሰው አለ፣ የማይችልም አለ። አንቺ የትኛዋ ነሽ?

የአዳማዋ፦
እኔ ስለ «በሞቴ» ልናገር፣ እዚህ ሁሉም ዘሎታል። እናቴን «ዳይት ላይ ነኝ» ስላት ሳቀችብኝ። መክሳት ለእሷ በሽታ ነዋ! «ሐኪም ከልክሎኛል» ስላት ግን ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ሌላ ሰው ሲያጎርሰኝ ራሷ ናት የምትቆጣው። አንቺ ደግሞ እውነትም ሐኪም ብሎሻል፣ ውሸት የለበትም። ስለ ስኳሩ ነግረሻታል?

የመገናኛዋ፦
አልነገርኳትም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነበር። እነግራታለሁ።

ኩሽና፣ ቅቤ በማንኪያ ስለካ እማዬ ብታየኝ ጉድ ትላለች፣ የገብሱን ግን ትወደዋለች፤ የአያቴ ቤት ቂጣ ነው። ከነገ ጀምሮ እንቁላል ቀቅዬ እወጣለሁ። የፒያሳው፣ እኔ እንኳን ግማሽ ሳህን ላይ ማቆም የምችል ይመስለኛል፣ እናያለን። ቆይ ግን፣ አንተ የተውከው ምንድን ነው? አልነገርከንም።

የፒያሳው ልጅ፦
ቦምቦሊኖ። ባክሽ አታስታውሺኝ።