ከጁን 14 በፊት ወደ አየር ለመመለስ፦ የሬዲዮ ጣቢያችን የጋራ ዕቅድ፣ ረቂቅ 2

ጸሐፊው፦
ረቂቁን አስተካክዬ መልሼ ለጥፌዋለሁ። ባለፈው የተባለው ሁሉ ገብቷል፣ ስድቡ ሲቀር።

አንደኛ፣ ከአየር የወረድነው ባለፈው ዓመት ጁን 14 ነው። 12 ወር ሳናሰራጭ ከሞላን ላይሰንሱ በሕግ በራሱ ያበቃል። ማንም ደውሎ አያስታውሰንም። ሁለተኛ፣ እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ያለው ሬስቶራንት ጣሪያውን ሊሰጠን ፈቅዷል። ከድሮው ሕንፃ ከ11.2 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይርቅ የቦታ ለውጡ በቀላሉ የማመልከቻ ዓይነት ይሄዳል። እሱ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ፈቃድ እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ በሳምንት ከ36 ሰዓት ማነስ አንችልም፤ ቢያንስ ስድስት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 5 ሰዓት። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 2 እስከ 8 ሰዓት። ድምሩ 37 ይመጣል። አራተኛ፣ ገንዘብ።

እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡና እንፈርም።

ገንዘብ ያዥ፦
ካዝናው ውስጥ 3,260 ዶላር አለ። ከዚህ ላይ ኢንሹራንሱ፣ ኬብሉ፣ የኢንጂነሩ ክፍያ ይነሳል። ለማመልከቻው ለኤፍ.ሲ.ሲ. (ላይሰንሱን ለሚሰጠው የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን) የምንከፍለው የለም፣ ለትርፍ የቆምን አይደለንም። ይህን የምጽፈው "ሺዎች ይፈጃል" እያለ የሚያወራ ሰው ስላለ ነው። ራሱን ያውቃል።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
ምን አስቸኮላችሁ? ዝም ለማለት፣ ማለትም ሳናሰራጭ ለመቆየት፣ ፈቃድ አለን እኮ። በ10 ቀን ውስጥ አሳውቄ፣ ከ30 ቀን በላይ ለመቆየት አስፈቅጄ ነው ቦታውን ያስረከብኩት።

ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ያ ፈቃድ 12 ወሩን አያራዝምም። ሺህ ጊዜ ብናስፈቅድ ጁን 14 ጁን 14 ነው።

ቴክኒሻኑ፦
ቅዳሜ ጣሪያውን ለክቼ ፎቶ ማንሳት አለብኝ። ያለሱ ኢንጂነሩ አይጀምርም። መሰላል የሚይዙ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። 3 ሰዓት ላይ እዚያው እንገናኝ።

የወጣቶች ተወካይ፦
እኔ አለሁ። አንድ ጥያቄ ግን፣ ከምሽቱ 12 ማለት ሚድናይት ነው? ማን ነው እኩለ ሌሊት ላይ ሬዲዮ የሚሰማው?

ጸሐፊው፦
የሐበሻ 12 ነው። 6 ፒ.ኤም.።

የወጣቶች ተወካይ፦
ታዲያ 6 በሉዋ። ቅዳሜም "ከጠዋቱ 2" ይላል። እዚህ የተወለደ ልጅ ሌሊት 2 ሰዓት ላይ ነው የሚከፍተው። እስከ 8 ሲጠብቅ ደግሞ ይዘጋበታል።

የቅዳሜ ፕሮግራም አዘጋጅ፦
ልጄ፣ እኔ 6 ሰዓት ላይ ምሳ ነው የምበላው። ይኸው 22 ዓመቴ እዚህ አገር፣ ሰዓቴን አልቀየርኩም።

ኡበር ነጂው አባል፦
እትዬ፣ እርስዎ አይቀይሩ። የመኪናዬ ሰዓት ግን 6 ነው የሚለው። እኔ ጣቢያውን የምሰማው ሃቫናና ኮልፋክስ አካባቢ ስዞር ነው። በ100 ዋት ከ3 ማይል ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ኤርፖርት ሰው ላደርስ ስሄድ ወደ ኤርፖርቱ የሚወስደው ፔና መንገድ ሳልገባ ይጠፋል። ያችን ጥቂት ደቂቃ ጣቴን ቆጥሬ 6 ስደምር 6 ስቀንስ ልጨርሳት?

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ የሐበሻ ሰዓት ሲባል የአዲስ አበባን ነው? እንደዛ ከሆነ አሁን የምንራራቀው 9 ሰዓት ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ 10። አዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሲሆን እዚህ ጠዋት 9 ኤ.ኤም. ነው።

ጸሐፊው፦
አይደለም። የዚሁ ከተማ ሰዓት ነው፣ አቆጣጠሩ ብቻ የእኛ።

አዲስ አባል፦
አሁን ጭራሽ አልገባኝም።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ ቀልድ አይደለም። ያኔ የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ "ሰልስቱ ቅዳሜ 5 ሰዓት" ተብሎ የሆነውን ረሳችሁት? ግማሹ ሰው ረፋድ ላይ ሄደ፣ ግማሹ ወደ ማታ መጣ። ሐዘንተኞቹ ሁለቴ ምሳ አቀረቡ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
ሰዓቱን ጣሉ፣ ቀጥሎ ፊደሉን ትጥላላችሁ። ይህ ጣቢያ ሲቋቋም ለምን ነበር? አባቶቻችን ፀሐይ ስትወጣ ቀን ይጀምራል ብለው ከ1 ቆጠሩ። እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይጀምራል የሚለው ነው እንግዲህ ሥልጣኔ! ይህን ረቂቅ አልደግፍም።

የወጣቶች ተወካይ፦
ማንም ሰዓት አልጣለም ጋሼ። ማስታወቂያው ይገባን ነው ያልኩት። ደግሞ ከ2019ኙ የማኅበሩ ምርጫ ጀምሮ ሁሉን ነገር ወደ አባቶቻችን ነው የሚወስዱት።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
2019ን ማን አነሳው? እኔ አነሳሁ? ያን ጊዜ ማን ማንን ከአዳራሽ እንዳስወጣ እዚህ ልጻፍ?

የቅዳሜ ፕሮግራም አዘጋጅ፦
ኧረ በእመቤቴ! ሁለታችሁም ተዉ። የድሮውን ጠብ ስታነሱ ነው የሚመሽብን።

ሌላ አባል፦
እኔ መፍትሔ አለኝ። ትራንስሚተሩ ያለው ገንዘብ ያዧ ጋራዥ ውስጥ ነው አይደል? አንድ ሽቦ ሰክተን አንድ ቀን እናብራው። ተሰራጨ ማለት ተሰራጨ ነው። 12 ወሩ እንደገና ይቆጥራል።

ጸሐፊው፦
ካልተፈቀደ ቦታ የተላለፈ ስርጭት አይቆጠርም። ከዚያም አልፎ ሕገ ወጥ ነው። እባካችሁ ይህን ሐሳብ እንደገና አታንሱት።

ያው አባል፦
እንግዲያው በስልክ ብቻ እናሰራጭ። ኤፍ.ኤም. ማን ይሰማል አሁን?

ኡበር ነጂው አባል፦
እኔ እሰማለሁ አልኩህ እኮ። ላይሰንሱ ካመለጠን ደግሞ ተነሥተህ አዲስ አትጠይቅም፣ መስኮት፣ ማለትም የማመልከቻ መቀበያ ጊዜ፣ ሲከፈት ብቻ ነው። እኛ የገባነው በ2013ቱ ነው። ከዚያ እስከ ዲሴምበር 2023 ዝግ ነበር፣ 10 ዓመት። ያኔ ማመልከቻ ስንሞላ የተወለደች ልጄ አሁን ከእኔ ትረዝማለች።

ገንዘብ ያዥ፦
ባለ ሬስቶራንቱ ደውሎልኛል። ለጣሪያው ኪራይ አይፈልግም። በቀን ሦስቴ "ማክሰኞ ክትፎ በግማሽ ዋጋ፣ ኑ ቅመሱ" እንድንልለት ነው።

ጸሐፊው፦
አይቻልም። የእኛ ላይሰንስ የንግድ ማስታወቂያ አይፈቅድም። ስሙን፣ አድራሻውን፣ የሚያቀርበውን ምግብ መጥቀስና ማመስገን እንችላለን። ዋጋ አይጠራም፣ "ኑ" አይባልም።

ገንዘብ ያዥ፦
እስቲ አንተ ንገረው። እኔ "ክትፎ በል፣ ኑ አትበል" ብዬ ላስረዳው አልችልም።

ቴክኒሻኑ፦
ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ጣሪያው ሥር ቆሜ ማንም አልመጣም። መሰላሉን ብቻዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

የወጣቶች ተወካይ፦
3 ሰዓት ስትል 3 ፒ.ኤም. መስሎኝ! ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄደን አጣንህ። ምሳ ሰዓት ላይ ደውዬልሃለሁ፣ አታነሳም።

ቴክኒሻኑ፦
ከዚህ በኋላ በእኔ አትቁጠሩ።

የወጣቶች ተወካይ፦
እኔ ያልኩት ምን ነበር?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
ከጠዋቱ 3 ቢል ኖሮ ይገባው ነበር። ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም፣ የተናጋሪው ነው።

ጸሐፊው፦
ቴክኒሻኑ ስልክ አያነሳም። ቤቱም ሄጄ ነበር። ጣሪያውን መለካት የሚችል ሌላ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ጸሐፊው፦
ሦስት ቀን ሆነ። ማንም?

አዲስ አባል፦
ለምን ሁለቱንም አንልም? "ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 6 ፒ.ኤም."። ስቱዲዮውም ውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ይሰቀል።

የቅዳሜ ፕሮግራም አዘጋጅ፦
ተባረኪ። እኔ ደግሞ ለልጆቹ በየሳምንቱ ሰዓት መቁጠር የሚያስተምር 15 ደቂቃ እጨምራለሁ። ፈረንጅ የሆኑትንም ያስተምራል።

ገንዘብ ያዥ፦
የቱ ይቅደም?

የወጣቶች ተወካይ፦
6ቱ።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
የእኛ ይቅደም። ካልቀደመ ማመልከቻውን የምታስገቡበትን ፓስወርድ ከማን እንደምትቀበሉ አያለሁ። አካውንቱ በእኔ ኢሜይል ነው የተከፈተው።

ኡበር ነጂው አባል፦
ይሄ ማስፈራሪያ ነው! ላይሰንሱ የማኅበሩ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም። ኤፍ.ሲ.ሲ. ጋ እንክሰስ።

ጸሐፊው፦
ኤፍ.ሲ.ሲ. የማኅበር ጠብ አይዳኝም፣ ፍርድ ቤት ሂዱ ነው የሚለው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲሰጥ ጁን አልፎ ይሆናል። ልጆች፣ የሐበሻው ይቅደም። በቃ።

የወጣቶች ተወካይ፦
ለጣቢያው ስል።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦
እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም። ፓስወርዱን ልኬያለሁ።

ጸሐፊው፦
ረቂቅ 3። አንደኛ፣ ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይነገራል፣ የሐበሻው ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ይገዛል። ሦስተኛ፣ የልጆች ሰዓት ፕሮግራም። አራተኛ፣ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት፣ ሜይ መጨረሻ። አምስተኛ፣ ጣሪያና ጊዜያዊ ፈቃድ፣ በንዑስ ኮሚቴ። ለንዑስ ኮሚቴው ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ የላኩልኝ ፓስወርድ አይሠራም። መቀየሪያው የሚላከው በ2015 ወደ ነበረዎት ኢሜይል ነው። ይከፈታል?

ገንዘብ ያዥ፦
ለእራቱ አዳራሽ 400 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። ሰዓቶቹ 58 ዶላር ከነታክሱ። ለንዑስ ኮሚቴው የተመዘገበ ካለ ንገሩኝ። ካልሆነም ትራንስሚተሩን መጥታችሁ አንሱልኝ። በረዶው ሁሉ ሲወርድ የልጄ መኪና ውጭ ነው ያደረችው።