ሱሉልታ ሁለት ሌሊት፦ ከእማዬና ከልጆቹ ጋር ወዴት ወዴት እንበል?

የሳሪሷ
ሰላም ቤተሰብ። በጥቅምት መጨረሻ አርብ ማታ ሱሉልታ አንድ ማረፊያ ክፍል ይዘናል። እሁድ ከሰዓት እንመለሳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 እና የ7 ዓመት ልጆቻችንና እናቴ ነን። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ትራመዳለች፣ ዳገት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል። የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። መኪናችን ቪትዝ ናት። ያማከርኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል፤ አንዱ ገዳም፣ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ ገደል። ባለቤቴ ደግሞ መናገሻ ሱባ ካልሄድን ብሎ ይዞኛል። የቱን ይዤ የቱን ልተው? እማዬ እሁድ ቅዳሴ እንዳያመልጣት ትፈልጋለች።

ጠዋት ሯጭ
ባለቤትሽ ጫካውን መምረጡ ጥሩ ነው፤ የተሳሳተው አቅጣጫውን ነው። ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ነው ያለው። የሚገባውም በሰበታ ወይም በሆለታ በኩል ነው። እናንተ የምታድሩት ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ከተማውን አቋርጣችሁ ሄዳችሁ፣ አቋርጣችሁ ልትመለሱ ነው ማለት ነው። ቅዳሜያችሁ መኪና ውስጥ አለቀች። መጨረሻው ላይ ያለው የጠጠር መንገድም ለቪትዝ አይመችም። ሱባን ለብቻው አንድ ቀን ከቤታችሁ ተነስታችሁ ሂዱበት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት የሚባለው ጥድ አለ፣ ጉሬዛ አለ፣ ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ። ተጣድፈው የሚያዩት ቦታ አይደለም።

ሌላው፣ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ሳሪስ ከዚያ በጣም ዝቅ ትላለች። አትሌቶች እዚያ የሚለማመዱት ወደው አይደለም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። እኔ ራሴ ከእረፍት ስመለስ የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ያጥረኛል። አርብ ማታ ስትደርሱ ሻይ ጠጡና ተኙ።

ነርሷ
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። እማማ መድኃኒታቸውን «ለሁለት ቀን ነው» ብለው እንዳይተዉ። የሚከታተላቸውን ሐኪም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው ወይም ራስ ምታቱ አልለቅ ካለ እንያቸው እያላችሁ አትቆዩ፤ ቀጥታ ወደ ከተማ፣ ወደ ሐኪም ቤት። ለልጆቹ ኮፍያ ያዙ። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ከታች ይልቅ ያቃጥላል።

ወፍ ቆጣሪ
ሁሉም ተራራ ተራራ ይላል። የሱሉልታን ሜዳ የሚያየው የለም! በጥቅምት መጨረሻ እኮ ሳሩ እየታጨደ፣ ድርቆሹ እየተከመረ ነው። የአዲስ አበባ ከብት የሚበላው ድርቆሽ ብዙው ከዚያ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ። ውኃ ያቆረባቸውን ቦታዎች ፈልጉ። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ግራጫ ዝይ ካያችሁ ቆም በሉ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ምንቃሩ ረጅም የሆነው ጋጋኖም አለ። እሱን ሳታዩት ነው የምትሰሙት፤ ጩኸቱ ከመኪና ጥሩንባ አይተናነስም። መንገዱ ደልዳላ ስለሆነ ለእናትሽ ጉልበትም ይሆናል።

ነጭ ጫማ እንዳታደርጉ። መሬቱ ዋልካ ነው። ዝናብ ካለፈም በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ይቆያል፣ ጫማ ይዞ ይቀራል። እኔ አንዱን እግሬን በካልሲ ይዤ ተመልሻለሁ፣ በምስክር ፊት።

የሰላሌ ልጅ
እንዴ፣ እዚያ ድረስ ተሄዶ ደብረ ሊባኖስ ሳይታይ? ገዳሙ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ሱሉልታ ስላላችሁ ሩቡን ጨርሳችኋል። አስፋልቱ በጫንጮና በሙከጡሪ ይወስዳችኋል። ፍቼ ሳትደርሱ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ፋሺስቶቹ መነኮሳቱን የፈጁበትም ቦታ ነው። ለትልቁ ልጅ ይህን ንገሩት፣ ዕድሜው ደርሷል።

ከመታጠፊያው ብዙም ሳይርቅ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አለ። ስሙ ነው እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳር እየነጩ ይቀመጣሉ። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ አለ፤ ልጆች ሲያዩት ቆስሎ ነው ይላሉ። አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ሙዝ፣ ብስኩት ምናምን እንዳትሰጧቸው። ትንሹን ልጅ እጁን ያዙት፣ ገደሉ አጥር የለውም።

ጠዋት ሯጭ
@የሰላሌ ልጅ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ግን 68 ዓመት እናት፣ የ7 ዓመት ልጅ፣ ደርሶ መልስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ... ጠዋት ሜዳውን ካዩ በኋላ እሱን መጨመር ይከብዳል። አንዱን ይምረጡ።

የሳሪሷ
ኧረ ተባረኩ! ባለቤቴ ካርታውን ሲያይ ሱባን ራሱ ተወው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው፣ ከሰዓት እረፍት ብዬ ነበር፤ እማዬ «ደብረ ሊባኖስ» የሚለውን ሰማች፣ አለቀ። ስለዚህ ቅዳሜ ገዳሙ፣ እሁድ ጠዋት ሜዳው ይሁን? ቅዳሴውስ? ፈረስስ ስንት ነው?

ጫንጮ
እሁድ ማልዳችሁ ለእናትሽ ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የማረፊያችሁን ዘበኛ ጠይቁት። እሷ ስታስቀድስ እናንተ ሜዳውን ትዞራላችሁ። ስትመለሱ ጊዜ ከተረፋችሁ ከተማ ገብታችሁ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦ ማርያምን ያዙ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ናት፣ ሙዚየምም አላት። መኪና በር ድረስ ስለሚደርስ ዳገቱ አያሳስብም።

የፈረሱን ነገር፣ ዋጋ ሳትነጋገሩ ልጅ እንዳታወጡ። ለስንት ደቂቃ፣ ለስንት ልጅ፣ መሪው ተቆጥሮ ነው ወይስ ለብቻው፣ ሁሉንም መሬት ላይ ሆናችሁ ጨርሱ። የሰው ማሳ አትርገጡ፤ ጤፉና ገብሱ ገና አልተሰበሰበም። ውሻ ካለ ቆም ብላችሁ ባለቤቱን ጥሩ፣ አትሩጡ። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላም ካላችሁ መንገዱን ራሳቸው ያሳዩአችኋል።

የሳሪሷ
ተመልሰናል። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆነ ልጻፍ።

ቅዳሜ ማለዳ አመዳይ ነበር፣ የመኪናው መስታወት ነጭ ሆኖ አደረ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ደብረ ሊባኖስ እማዬ ከእኛ ቀድማ ወረደች፤ ጉልበቷ የት እንደሄደ እንጃ። እኔ ረጅም ቀሚስና ነጠላ ስለያዝኩ አልተቸገርኩም። ጭላዳዎቹን 4 ሰዓት ገደማ አገኘናቸው፣ ሠላሳ ይሆናሉ። ትንሹ ልክ እንደተባለው «ቆስሏል» አለ።

የፈረሱን ምክር አንብቤ እንዳላነበብኩ ሆንኩ። ልጁ ዘሎ ወጣ፣ ከዚያ የተጠየቅኩትን ከፈልኩ። እሱን አልነግራችሁም።

ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ እሁድ ሁለት አየን። እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ድርቆሽ ከሚከምሩት ሴቶች ጋር ወሬ ይዛ፣ እርጎ ጠጥታ፣ ሁለት ሊትር ወተት ገዝታ ጠበቀችን። እንጦጦ አልደረስንም፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ተኛ።

ባለቤቴ አሁን ስለ ሱባ የራሱን ጥያቄ ሊጽፍ ነው። ከፍ ያለ መኪና የምታከራዩ ካላችሁ ለእሱ መልሱለት፤ ቪትዟን እኔ አልሰጠውም።