ጥያቄ፦ ያረጀ አፓርታማችንን ኃይል ቆጣቢ አድርገን እንድናድስ ጎረቤቶቼን በምን ላሳምን?

ሦስተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖርበት አፓርታማ ስድስት ፎቅ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት አልፏል። ግድግዳው ጡብና ልስን ብቻ ነው፣ መስኮቱ ባለ አንድ መስታወት፣ ማሞቂያው ደግሞ ውሃ አሙቆ ወደየቤቱ የሚልክ፣ ለሁላችንም አንድ ቦይለር። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። የውጪው ልስን እየተሰነጣጠቀ ስለሆነ ማደሱ አይቀርም፤ እኔም “እግረ መንገዳችንን ሙቀት መከላከያ ብናለብሰውስ?” አልኩ። ስብሰባው ተደበላለቀ። የላይኞቹ ደገፉኝ፣ የመሃሎቹ “እኛን አይበርደንም፣ ለምን እንከፍላለን?” አሉ። ያከራዩት፣ የማሞቂያውን ሂሳብ የሚከፍለው ተከራይ ስለሆነ፣ ዝም አሉ። አንዲት እናት ደግሞ “ግድግዳውን አፍናችሁ ሻጋታ ልታመጡብን ነው” ብለው ተቆጡ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያወራሁት ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። በሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይዤ ልግባ?

መሐንዲስ ነኝ፦
እህቴ፣ የመሃል ፎቆቹ የማይበርዳቸው ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም የሚሞቅ ቤት ስለከበባቸው ነው። ከጣሪያው ሥርና በጥጉ ያሉት ቤቶች ሙቀታቸውን በጣሪያና በውጪ ግድግዳ እያጡ የእነሱን ያቆዩላቸዋል። ቦይለሩ የጋራ ስለሆነ ያ ኪሳራ የጋራ ነው። ይህን በሕንፃው ንድፍ ላይ በቀለም አሳዪያቸው።

ቁጥር ከፈለግሽ፦ መከላከያ የሌለው የጡብ ግድግዳ በውስጥና በውጪ መካከል ለሚኖር የአንድ ዲግሪ ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 2 ዋት ያህል ያፈሳል። 15 ሴንቲሜትር የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ እንደ ጥጥ የተፈተለ ሙቀት መከላከያ) ሲለብስ ወደ 0.2 አካባቢ ይወርዳል። ባለ አንድ መስታወት መስኮት ደግሞ ከ5 ዋት በላይ ያሳልፋል፤ ጋዝ የተሞላበትና ሙቀት መላሽ ቅብ ያለው ባለ ሁለት መስታወት 1.1 አካባቢ ነው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጄ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ስብሰባ ብዙ መርቻለሁ። ሰው የሚደነግጠው ጠቅላላ ወጪውን ሲሰማ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ለሁለት ክፈዪው። ሠራተኞቹ ግድግዳው ላይ የሚሠሩበት መወጣጫ (እስካፎልዲንግ) መቆሙ፣ አሮጌው ልስን መነሣቱ፣ ቀለሙ፣ ይህ ሁሉ መከላከያ ኖረም አልኖረም ይወጣል። መመዘን ያለበት ጭማሪው ብቻ ነው። ዛሬ ልስኑን ብቻ አድሳችሁ ብትተዉት፣ ያ መወጣጫ እንደገና የሚቆመው ምናልባት ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ብሆን ንግግሬን የምጀምረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ለሥራው ድምፅ አትጠይቂ። ባለሙያ ሕንፃውን እንዲያጠና ብቻ ጠይቂ። ትንሽ ገንዘብ ስለሆነ እምቢ ለማለት ይከብዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ባለሙያው በጻፈው ላይ ይሆናል እንጂ ባንቺ ላይ አይሆንም። የተቃወሙትን ደግሞ ከስብሰባው በፊት በየቤታቸው ሂጂና አነጋግሪያቸው። በአደባባይ “አይሆንም” ያለ ሰው በአደባባይ መመለስ ያፍራል።

ባለ ቦይለር፦
ምን አስጨነቃችሁ? አሮጌውን ቦይለር አውጥታችሁ ሂት ፓምፕ (ከውጪ ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ የመብራት ማሞቂያ) አስገቡ፣ አለቀ።

መሐንዲስ ነኝ፦
አላለቀም ወንድሜ። ሂት ፓምፕ በአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን በደንብ የሚሠራው ወደ ራዲያተሩ (ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሉን ወደሚያሞቀው ብረት) የሚላከው ውሃ በጣም ካልሞቀ ነው። ሙቀት በሚያፈስ ሕንፃ ላይ 70 ዲግሪ ውሃ ስትጠይቀው ጥቅሙ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆኖ ይገዛል። ግድግዳውና ጣሪያው ከተሸፈኑ በኋላ ግን ያው አሮጌ ራዲያተር ለብ ባለ ውሃ ሊበቃ ይችላል። መጀመሪያ ልብሱ፣ ቀጥሎ ምድጃው።

ጥገና ሠራተኛ፦
የሻጋታውን ነገር ልመልስ። እናታችን የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። 20 ዲግሪ በሞቀ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ 12 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ሻጋታ ደግሞ ጤዛውን እንኳ አይጠብቅም። የሚበቅለው ቀዝቃዛ ጥግ ላይ ነው። በውጪ በኩል የሚለብስ መከላከያ ግድግዳውን ስለሚያሞቀው ሻጋታን ይቀንሳል።

ጣጣው የሚመጣው መስኮቱ ብቻ ሲቀየር ነው። በአሮጌው መስኮት ስንጥቅ ይወጣ የነበረው እርጥበት ይታፈንና በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የአየር መለዋወጫ በዕቅዱ ውስጥ ከሌለ አትፈርሙ። ሙቀቱን ከሚወጣው አየር ወደሚገባው የሚያስተላልፍ ዓይነትም አለ፤ በሰው በተሞላ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ቱቦውን መዘርጋት ግን ራሱን የቻለ ጦርነት ነው።

አምስተኛ ፎቅ ነኝ፦
እሳትስ? ግሬንፌልን ረሳችሁት?

መሐንዲስ ነኝ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሲቃጠል 72 ሰው ሞቷል፤ እሳቱን በውጪ ያዛመተው በእድሳት ጊዜ የተገጠመው፣ መሃሉ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ሽፋን ነበር። ከኮንትራክተሩ የእያንዳንዱን ንብርብር የእሳት ደረጃ በጽሑፍ ጠይቁ። የድንጋይ ሱፍ አይቀጣጠልም። ፎም (የፕላስቲክ አረፋ መከላከያ) ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን ይቃጠላል፤ ለስድስት ፎቅ እኔ አልመርጠውም። በዚያ ዕድሜ ሕንፃ ደግሞ ከመነካካታችሁ በፊት የቧንቧ ልባሱንና የወለል ንጣፉን ለአዝቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ ለሚጎዳ የድሮ የግንባታ ቁስ) አስመርምሩ።

ሦስተኛ ፎቅ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አከራዮቹንስ ምን ልበላቸው? ደግሞ “ሂሳቡ በግማሽ ይቀንሳል” ብዬ ቃል ልግባ?

አከራይ ነኝ፦
ቃል አትግቢ! ቤቱ ቀላል በሆነ ወጪ ሲሞቅ ሰው ቀድሞ የዘጋውን ክፍል ይከፍታል፣ ማሞቂያውንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ቁጠባው ከወረቀቱ ሊያንስ ይችላል። ባልሽው ልክ ካልቀነሰ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ሲያነሡብሽ ይኖራሉ። ለእኛ ለአከራዮች ስለ ሂሳብ አታውሪን። በየዓመቱ ሻጋታ ስለማስቀባት፣ በርዶት ስለሚለቅ ተከራይና ቤቱ ሲሸጥ ስለሚያወጣው ዋጋ አውሪን። ያ ይገባናል።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ሕንፃውን ሙቀት የሚሾልክበትን ቦታ በቀለም በሚያሳይ የሙቀት ካሜራ አስነሺ። በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳትመታው፣ በውስጥና በውጪ መካከል ቢያንስ 10 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር ይሁን። እስከዚያ ድረስ የምድር ቤቱን ቧንቧዎች አልብሱ፣ የራዲያተሮቹን የውሃ ፍሰትም አስተካክሉ፤ የታችኛው ፎቅ እየሞቀው መስኮት የሚከፍተው፣ የላይኛው የሚንቀጠቀጠው በዚህም ምክንያት ነው። ለዚህ መወጣጫ አያስፈልግም።

መሐንዲስ ነኝ፦
ካሜራው ሲነሣ በረንዳዎቹን አትለፉ። ወለላቸው ከውስጡ ኮንክሪት ጋር አንድ ከሆነ ሙቀት በዚያ ይሾልካል፤ መሸፈኛው ከላይና ከታች ስለሚዞር ዋጋውን ለብቻው አስጠይቁ።