ስታንሊ ማቲውስ የምር እስከ 50 ዓመቱ ተጫውቷል?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ይሄ ስታንሊ ማቲውስ የሚባለው እንግሊዛዊ የክንፍ ተጫዋች 50 ዓመት ሞልቶት ሊግ ተጫውቷል ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ኳስ አፍቃሪ፦ እውነት ነው ባክህ። የተወለደው ፌብሩዋሪ 1 1915 ነው፣ ለስቶክ ሲቲ የመጨረሻ የሊግ ጨዋታውን ያደረገው ፌብሩዋሪ 6 1965፣ እስቲ ደምረው። የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነው ባሎንዶር በ1956 ሲጀመርም የመጀመሪያው አሸናፊ እሱ ነው፣ በ41 ዓመቱ!

የድሮ ሰው፦ እኔ የ1953ቱ የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍፃሜ ነው የሚገርመኝ፣ የማቲውስ ቡድን ብላክፑል በቦልተን 3 ለ 1 እየተመራ ሰውዬው ቀኝ መስመር ላይ ተከላካዩን እያታለለ ደጋግሞ አለፈው፣ መጨረሻ ላይ ከጎሉ መስመር ወደ ኋላ ያቀበላትን ኳስ የቡድን ጓደኛው ፔሪ አገባትና 4 ለ 3 አለቀ። ሃትሪክ (በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል) የሰራው ግን ሌላው የብላክፑል ተጫዋች ሞርተንሰን ነው፣ ፍፃሜው በማቲውስ ስም መጠራቱ ትንሽ ግፍ ነው ባይ ነኝ 😀

ጠያቂ፦ ሃብታም ሆኖ ነበራ?

ኳስ አፍቃሪ፦ ኧረ የት! እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1961 የደሞዝ ጣሪያ ነበር፣ ሲነሳ ራሱ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር።

የድሮ ሰው፦ በዛ ሁሉ ዓመት ደግሞ አንድም ዳኛ በጥፋት ስሙን መዝግቦት አያውቅም።