የሕዝብ ንግግር መድረክ በደሴ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ናችሁ? ማኅበራችን በየወሩ አንድ የሕዝብ ንግግር ያዘጋጅ ያልነውን በረቂቅ አምጥቻለሁ። ዓላማው የደሴ ሰው ስለ ከተማውና ስለ አገሩ ሳይሰዳደብ የሚነጋገርበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያው ርዕስ «ሕገ መንግሥቱና የዜጎች መብት»፣ ቦታው ወሎ ዩኒቨርሲቲ። እስኪ ተቹት።

የታሪክ መምህሩ፦ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ርዕሱ ግን በጣም ሰፋ። ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል እንጂ አይጠይቅም። አንቀጽ 12ን ብቻ እንውሰድ። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል የሚለውን። ከዚያ ወደ ሰፈራችን እናውርደው። ክረምት በገባ ቁጥር መሬት ሲንሸራተት ማንን ነው የምንጠይቀው? አቤቱታው የት ይገባል? መልስ ካልመጣስ? እንዲህ ከሆነ የሰኞ ገበያ ነጋዴም የሙጋድ ሰፈር ባለሱቅም ይመጣል።

አዋላጅ ነርሷ፦ መምህር ባሉት እስማማለሁ። ቦታው ግን ፒያሳ አካባቢ ይሁን፣ ልጅ ላዘለች እናት ይቀርባታል። ሌላው የማይክ ነገር ነው። በየስብሰባው ማይኩ ፊት ከተቀመጡት ወንዶች እጅ አይወጣም። ከኋላ ያለችው ሴት እጇን አንስታ አንስታ ሲደክማት ታወርደዋለች። ስለዚህ በር ላይ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ እናድል። መጻፍ ለማይችል ከወጣቶቻችን አንዱ ይጻፍለት። አወያዩ ከሳጥን እያወጣ ያንብብ።

አንጋፋው አባል፦ ልጆቼ፣ ሁሉም መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጥያቄ ሲጀመር ያለው ሰዓት ነው። በ2014ቱ ጦርነት በዚህ ከተማ ብዙ ቤት አዝኗል። አንዲት ያልታሰበች ቃል ቁስል ትነካለች። አባጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሲያስታርቅ አይተናል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ይደመጣል። እንግዲህ አንድ ደንብ ይግባልኝ። መቃወም የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሌላውን ሐሳብ በራሱ አፍ ይናገር። ባለሐሳቡ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» ሲል ያኔ ይቃወም። በብሔር ወይም በሃይማኖት የሚሳደብ ካለ ማይኩ ይወሰድበት።

የሕግ ባለሙያው፦ ጋሼ ያሉት የረቂቁ መጀመሪያ ላይ ይግባ። ጊዜ የሚወስድ ደንብ ነው፣ አውቃለሁ። አምስት ሰው ብቻ ቢናገርም ግን ተደማምጦ ከሆነ አተረፍን። ፓርቲ የምንጋብዝ ከሆነ ገዢውንም ተቃዋሚውንም በአንድ መድረክ፣ በእኩል ደቂቃ። አንዱን ብቻ ካመጣን ስማችን ያን ቀን ያበቃለታል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠራ 48 ሰዓት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። የኛ ትምህርታዊ ነው ብለን አንዘናጋ፣ ደብዳቤ እናስገባ።

ሒሳብ ያዡ፦ ከፓርቲም ከባለሀብትም ሳንቲም አንቀበል። ወጪው ውሃ፣ ወረቀትና የድምፅ ማጉያ ኪራይ ነው፣ ከመዋጯችን ይሸፈናል። ቀኑ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ይሁንና ከአስር (ከከሰዓት በኋላው) ሶላት በፊት እንጨርስ። እሁድ እድርና ማኅበር አለ፣ ሰው አናገኝም።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ማኅበራችን በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ገንዘብ ሳይቀበል የሕዝብ ንግግር ያዘጋጃል። ተቃውሞ ያለው ሰው በመጀመሪያ የሌላውን ሐሳብ ይደግማል። ጥያቄ በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል።» የአዳራሽ ኪራይ የምትጠይቁልኝ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ የመጀመሪያውን እርስዎ ያወያዩልን፣ እምቢ እንዳይሉን።